ካሜራ ከመግዛታችን በፊት፦ ሩቅ አቅራቢው ወይስ ብርሃን ሰብሳቢው?

«ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ይህን ትርጉም በልቡ የያዘ ሰው ካሜራ ለመግዛት ሲነሣ ከብዙ ስሕተት ይድናል። ምክንያቱም ካሜራ ሁሉ፣ ዋጋው ከፍም ይበል ዝቅ፣ የሚያከናውነው አንድ ተግባር ነው፤ ይኸውም ከአንድ ነገር ላይ ተንጸባርቆ የመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ማስቀመጥ ነው። በካሜራና በካሜራ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ምን ያህል ብርሃን፣ ከምን ያህል ርቀት ሊሰበስብ ይችላል የሚለው ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተነሣ ክርክር ነው። መምህራንና ተማሪዎች ለካሜራ መግዣ ገንዘብ አዋጥተን ነበር። የተሰበሰበው ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ያገለገለ ካሜራ ብቻ ነው። ዋጋ እንዲጠይቁ የተላኩት ሁለት መምህራን የሁለት ካሜራዎችን ስም ይዘው ተመለሱ። የባዮሎጂው መምህር፣ «ይህኛው ከሐይቁ ማዶ ያለችውን ወፍ፣ ጨረቃን ሳይቀር አቅርቦ ያነሣል» አሉ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊዋ መምህርት ግን፣ «ባለፈው የወላጆች ቀን በአዳራሹ የተነሡትን ፎቶግራፎች ረሱዋቸው እንዴ? ሽልማት የተቀበሉት ልጆች ፊታቸው እንኳ አይለይም» ሲሉ መለሱ። ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር። ገንዘቡ የተማሪዎች ጭምር ስለሆነ በስሕተት ሊባክን አይገባም። ስለዚህ ነገሩን ከሥር መሠረቱ መመርመር ግድ ሆነ።

ሁለቱ ካሜራዎች

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ የቀረበው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 ነው። ሌንሱ ከካሜራው አካል የማይነቀል ሲሆን፣ የሩቁን 83 ጊዜ የማቅረብ ኃይል አለው። በቀድሞው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ አቆጣጠር ከ24 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኒኮን ዲ3500 ነው። የዚህ ሌንስ ይነቀላል፤ በሌላም ይተካል። አብሮት በብዛት የሚሸጠው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ነው። ይህ በፊልም ካሜራው አቆጣጠር ከ27 እስከ 82 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የማቅረብ ኃይሉ 3 ጊዜ ብቻ ነው።

83 እና 3! እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ የተመለከተ ሰው ምርጫው ያለቀለት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በሣጥኑ ላይ በትልቁ የማይጻፍ ሌላ ቁጥር አለ።

ብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ

በቀድሞው ካሜራ ውስጥ ፊልም በሚቀመጥበት ቦታ በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰሌዳ ይገኛል፤ ሴንሰር ይባላል። የዲ3500 ሴንሰር ወርዱ 23.5፣ ቁመቱ 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። የፒ900 ግን ወርዱ 6.2፣ ቁመቱ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስፋታቸው ሲሰላ የመጀመሪያው ወደ 367፣ የሁለተኛው ወደ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህም ማለት የአንዱ ሴንሰር ከሌላው 13 ጊዜ ያህል ይሰፋል።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት በክረምት ቀን ሲኒና ሳፋ ደጅ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ምን እንደሚሆን ማሰብ ይበቃል። በሁለቱም ላይ የሚወርደው ዝናብ አንድ ነው፤ የሚጠራቀመው ውሃ ግን አንድ አይደለም። ዝናቡ ዶፍ ከሆነ ሲኒውም ቢሆን ለጥም የሚበቃ ይይዛል። ካፊያ ከሆነ ግን በሲኒው ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው።

በብርሃንም እንዲሁ ነው። የቀትር ፀሐይ ዶፍ ነው፤ በዚያን ጊዜ ትንሹም ሴንሰር ጥሩ ፎቶግራፍ ይሰጣል። ጥቂት አምፖሎች ብቻ የበሩበት አዳራሽ ግን ካፊያ ነው። በዚህ ጊዜ ካሜራው ከሁለት አንዱን ለማድረግ ይገደዳል። አንደኛው፣ የተገኘችውን ጥቂት ብርሃን በኤሌክትሪክ ኃይል ማጉላት ነው። ሲያጎላ ግን ጉድለቱም አብሮ ስለሚጎላ በፎቶግራፉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል ነጠብጣብ ይታያል። ሁለተኛው፣ የካሜራውን መዝጊያ ለረዥም ጊዜ ከፍቶ ማቆየት ነው። ነገር ግን ሽልማት የሚቀበል ልጅ ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል። በእኛ የወላጆች ቀን ፎቶግራፎች ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር፤ ያን ቀን የተነሡት ሴንሰሩ በጣም ትንሽ በሆነ ካሜራ ነው።

በእርግጥ ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን የሌንሱንም ቀዳዳ መቁጠር ያስፈልጋል። የቀዳዳው ቁጥር ባነሰ መጠን የሚያስገባው ብርሃን ይበዛል። ሁለቱም ካሜራዎች ሰፊውን እይታ ሲይዙ የፒ900 ቁጥር 2.8፣ የዲ3500 ደግሞ 3.5 ነው፤ በዚህ ፒ900 ይሻላል። ይህ ብልጫ ከ13ቱ ላይ ሲቀነስለትም ዲ3500 የሚሰበስበው ጠቅላላ ብርሃን ከ8 እጥፍ በላይ ሆኖ ይቀራል። በተጨማሪም ፒ900 የሩቁን እስከ መጨረሻው ሲያቀርብ የቀዳዳው ቁጥር 6.5 ይደርሳል፤ የሚገባው ብርሃንም ከአምስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከአዳራሹ ጀርባ ተቀምጦ መድረኩን አቅርቦ ለማንሣት ማሰብ ብዙ አያዋጣም።

የሩቁን ማቅረብ

አሁን ደግሞ የባዮሎጂውን መምህር ሐሳብ እንመልከት። ጨረቃን እንደ ምሳሌ ብንወስድ ሌንስ በሴንሰር ላይ የሚጥለው የጨረቃ ምስል ስፋት የሌንሱ የትኩረት ርቀት በ0.009 ሲባዛ የሚገኘው ነው። የፒ900 ሌንስ እውነተኛ የትኩረት ርቀት እስከ 357 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ የጨረቃ ምስል 3.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከሴንሰሩ ቁመት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይሸፍናል። በ55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ምስሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ15.6 ሚሊ ሜትር ቁመት ውስጥ አንድ ነጥብ ያህል ሆኖ ይቀራል። በአንደኛው የጨረቃን ተራሮችና ጉድጓዶች ለተማሪ ማሳየት ይቻላል፤ በሌላው አይቻልም። ለወፎችና ለዱር አራዊትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ይሁን እንጂ ሩቅ አቅራቢነትም የራሱ ገደብ አለው። እስከ መጨረሻው ሲቀርብ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚጎላ፣ ካሜራው ማረጋጊያ ቢኖረውም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይጠቅመዋል። በሞቃት ቀትርም ከመሬት የሚነሣው ትኩስ አየር የሩቁን ምስል ያርገበግበዋል፤ ስለዚህ ማለዳ ይመረጣል። ደግሞም ሁሉም ወፍ ሩቅ አይደለም። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ሰው ሳይፈራ በጥቂት ሜትር ርቀት ቆሞ ይታያል። እሱን ለማንሣት 2000 ሚሊ ሜትር አያስፈልግም።

ሁለቱ ብልጫዎች በአንድ ካሜራ ለምን አይገኙም?

ብዙ ሰው «ሰፊ ሴንሰርም 83 ጊዜ ማቅረብም ያለው ካሜራ ለምን አይሠሩልንም?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያለው በፊዚክስ ውስጥ ነው። የዲ3500ን ያህል ሴንሰር ባለው ካሜራ የፒ900ን ያህል ለማቅረብ 1333 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ ያስፈልጋል። የቀዳዳው ቁጥር 6.5 እንዲሆን ከተፈለገ የቀዳዳው ስፋት 1333 ለ6.5 ሲካፈል 205 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህ የሰሐን ያህል ስፋት ያለው መስተዋት ነው። ሴንሰሩ ትንሽ በሆነው ፒ900 ላይ ግን 357 ለ6.5 ሲካፈል 55 ሚሊ ሜትር ብቻ ይበቃል። እንግዲህ ፒ900 ያን ያህል ሊያቀርብ የቻለው ሴንሰሩ ትንሽ በመሆኑ ነው። ብልጫውና ጉድለቱ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ናቸው።

ስለ ሜጋፒክስልና ስለ ሌሎች ነገሮች

ሻጮች አዘውትረው የሚጠሩት ቁጥር ሜጋፒክስል ነው። ፒ900 16፣ ዲ3500 24 ሜጋፒክስል አላቸው። ነገር ግን አንድ ፎቶግራፍ በኤ4 ወረቀት ሙሉ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ታትሞ እንዲወጣ የሚያስፈልገው 8.7 ሜጋፒክስል ያህል ብቻ ነው። ለትምህርት ቤት መጽሔትና ለማስታወቂያ ሰሌዳ ሁለቱም ይተርፋሉ። ስለዚህ ይህ ቁጥር ምርጫውን ሊወስን አይገባም።

ከዚህ ይልቅ የሚከተሉት ሊታዩ ይገባል።

1. ባትሪ፦ በአምራቹ መግለጫ መሠረት በአንድ ሙሉ ባትሪ ዲ3500 1550፣ ፒ900 ደግሞ 360 ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው በዲ3500 ዓይናችን በቀጥታ በመስተዋትና በሌንስ በኩል ስለሚያይ፣ በፒ900 ግን ሁልጊዜ የሚበራ ትንሽ ስክሪን ስለሚያስፈልግ ነው። መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

2. ክብደት፦ ብዙዎች ሌንሱ የሚነቀለው ካሜራ ከባድ ነው ብለው ያስባሉ። እዚህ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ፒ900 ባትሪውን ጨምሮ 900 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ዲ3500 ከነሌንሱ 620 ግራም ያህል ነው።

3. የወደፊት ዕድገት፦ ለዲ3500 ገንዘብ ሲገኝ ሌላ ሌንስ ሊገዛለት ይችላል። ለምሳሌ የቀዳዳ ቁጥሩ 1.8 የሆነው የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ3.5 ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል! ዲ3500 በአካሉ ውስጥ የትኩረት ሞተር ስለሌለው፣ የራሳቸው ሞተር የሌላቸው የቆዩ ሌንሶች ቢገጠሙለት በእጅ እንጂ በራሳቸው አያተኩሩም። ፒ900 በበኩሉ ሌላ ሌንስ ባይቀበልም አይፈልግም።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ

ካሜራውን በተስፋ ብቻ መግዛት አይገባም። ማስታወሻ ካርድና የተሞላ ባትሪ ይዞ ሄዶ በቦታው መሞከር ያስፈልጋል። የዲ3500 ሌንስ ተነቅሎ ወደ ብርሃን አቅጣጫ ሲታይ በውስጡ ሻጋታ እንደሌለው ይረጋገጥ። ነጭ ግድግዳ በ16 የቀዳዳ ቁጥር ተነሥቶ ጥቁር ነጥብ ቢታይበት ሴንሰሩ አቧራ ይዟል ማለት ነው። መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደሠራ ከፎቶግራፉ ፋይል በኮምፒውተር ማንበብ ስለሚቻል ይህም ይጠየቅ። በፒ900 ላይ ደግሞ ሌንሱ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ሲመለስ እንዳይንቋቋና እንዳይቆም ይታይ፤ የሩቅ ጽሑፍም ተነሥቶ ጥራቱ ይፈተሽ።

ምርጫው

በመጨረሻ በእኛ ትምህርት ቤት የተደረገው ይህ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር አሰመርንና አራት ክፍል አወጣን፤ «ውስጥና ቅርብ»፣ «ውስጥና ሩቅ»፣ «ውጭና ቅርብ»፣ «ውጭና ሩቅ»። ከዚያም በዓመቱ ውስጥ ፎቶግራፍ ያስፈለገንን ጊዜ ሁሉ በየክፍሉ ጻፍን። የወላጆች ቀን፣ የቤተ ሙከራ ሥራ፣ የድራማ ክበብ፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የምረቃ በዓል... አብዛኛው «ውስጥና ቅርብ» በሚለው ሥር ገባ። «ውጭና ሩቅ» በሚለው ሥር የባዮሎጂ ክበብ ጉዞና ጥቂት የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ብቻ ነበሩ። ቀላል ብርሃን ባለበት ለሚነሣው ግን የብዙዎቻችን ስልክ እንደሚበቃ ተስማማን። ስለዚህ ዲ3500 ተመረጠ።

የባዮሎጂው መምህር ጥቂት ቅር ቢላቸውም፣ «የእኔ ወፎች በሚቀጥለውም ዓመት ይመጣሉ፤ ዘንድሮ የምትመረቀው ልጅ ግን ሁለተኛ አትመረቅም» ሲሉ ፈቀዱ። ሥራው በሐይቅ ዳር ወይም በፓርክ አጠገብ የሆነ፣ ተማሪዎቹን አዘውትሮ ወደ ውጭ የሚያወጣ ትምህርት ቤት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ዝርዝሩን ቢጽፍ ፒ900ን ሊመርጥ ይችላል፤ ምርጫውም ትክክል ይሆናል። ከካሜራው በፊት ሊመረጥ የሚገባው ሥራው ነውና።

መልመጃ ለተማሪዎች

1. የሁለቱን ሴንሰሮች ስፋት አስላና ስንት እጥፍ እንደሚለያዩ አረጋግጥ።

2. የጨረቃ ስፋት 3474፣ ከመሬት ያላት አማካይ ርቀት 384400 ኪሎ ሜትር ነው። 0.009 የሚለው ቁጥር ከየት እንደ መጣ አሳይ።

3. የኤ4 ወረቀት ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ኢንች ደግሞ 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። 8.7 ሜጋፒክስል እንዴት እንደ ተገኘ አስላ።

4. አንድ የመጽሐፍ ገጽ በስልክ ካሜራ መጀመሪያ በመስኮት አጠገብ፣ ቀጥሎ በክፍሉ ጨለማ ማዕዘን አንሣ። ሁለቱን ፎቶግራፎች አጉልተህ ፊደሎቹን አስተያይ፤ ያየኸውንም ልዩነት በሲኒና በሳፋው ምሳሌ አስረዳ።