የአየርላንድ የጌቶች ቤት እንግዳ ሲቀበል

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንጽፈው ስለ ጉዞ ሰነድ፣ ስለ ግብርና ስለ አነስተኛ ንግድ ነው። ዛሬ ሦስቱም በአንድ ጣራ ሥር ወደሚገናኙበት ወደ አየርላንድ ገጠር እንወስድዎታለን።

አየርላንዳውያን «ትልቁ ቤት» የሚሉት የባለርስቱን መኖሪያ ነው። ረጅም የመግቢያ መንገድ፣ የድንጋይ ግንብ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ በየክፍሉ የእሳት ምድጃ ያለው ነው። ይህን ሁሉ ያቆመው ጭሰኛው የሚከፍለው ኪራይ ነበር። ጭሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1903 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣው የመሬት ሕግ፣ ጭሰኛው ከመንግሥት እየተበደረ የሚያርሰውን መሬት ከባለቤቱ እንዲገዛ መንገድ ከፈተ። በእኛ አገር በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተወሰደው መሬት እዚያ በግዢ ተላለፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጌታው ቤት አለው፤ ቤቱን የሚያኖርበት ገቢ ግን የለውም። ከ1919 እስከ 1923 በነበሩት የጦርነት ዓመታት ከ200 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ቤቶች ተቃጠሉ። ከተረፉትም መካከል የቤት ግብሩ ሲከብዳቸው ጣራውን ያስነቀሉ ባለቤቶች ነበሩ፤ ጣራ የሌለው ቤት ግብር አይከፈልበትም ነበርና።

ታዲያ ዛሬ ቆመው የምናያቸው በምን ተረፉ? ብዙዎቹ በራት ገበታና በጥቂት መኝታ ክፍሎች ነው።

በኮርክ አውራጃ፣ ሻናጋሪ በምትባል መንደር አጠገብ ባሊማሉ የሚባል ቤት አለ። ከፊሉ የጥንት ምሽግ ግንብ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቤቱንና እርሻውን የያዙት ባላባቶች ሳይሆኑ አይቫን አለንና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚርትል አለን የተባሉ ገበሬዎች ናቸው። ወይዘሮ ሚርትል በገበሬዎች ጋዜጣ ላይ የምግብ ዓምድ ይጽፉ ነበር። በ1964 የገዛ ቤታቸውን የመመገቢያ ክፍል ምግብ ቤት አደረጉት። ማስታወቂያቸውም በታሪካዊ የገጠር ቤት ኑና ራት ብሉ የሚል ነበር። አትክልቱ ከራሳቸው እርሻ፣ ዓሣው በቅርብ ካለው ከባሊኮተን ወደብ ይመጣል፤ የምግቡ ዝርዝር በየቀኑ የሚጻፈው የዕለቱን ግኝት አይቶ ነው። መኝታ ክፍሎቹ ለእንግዳ የተከፈቱት ከገበታው በኋላ ነው። በ1975 ሚሽለን የተባለው መመሪያ ኮከብ ሰጣቸው። በ1983 ምራታቸው ዳሪና አለን በዚያው አካባቢ ዛሬ ዝናው የናኘውን የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ወይዘሮ ሚርትል በ2018 በ94 ዓመታቸው ቢያርፉም ንግዱ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሴትየዋ መጀመሪያ ቤት ተከራይተው፣ ቀጥሎ ዕቃ በዱቤ ገዝተው፣ በመጨረሻ ወጥ ሠሪ ፍለጋ አልወጡም። የጀመሩት በእጃቸው ካለው ሙያ፣ ከጓሯቸውና ከማዕድ ቤታቸው ነው። ከእኛ ወገን ምግብ ቤት ከፍተው በዓመቱ የዘጉት ብዙዎች የሄዱት በተቃራኒው መንገድ ይመስለናል።

ግብሩም ሊታወቅ ይገባዋል። በ1997 በወጣው የአየርላንድ የግብር ሕግ አንቀጽ 482 መሠረት፣ በታሪኩ ወይም በአሠራሩ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ተብሎ የታወቀ ቤት ባለቤት ለጥገና ያወጣውን ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ማስቀነስ ይችላል። በምላሹ ቤቱን ለሕዝብ ያስጎበኛል፤ አለበለዚያም በተመዘገበ የእንግዳ ማረፊያነት በዓመት ቢያንስ 6 ወር ይከፍታል፤ ከዚህ ውስጥ 4ቱ ወር ከግንቦት 1 እስከ መስከረም 30 ባለው የአውሮፓውያን በጋ መዋል አለበት። ክረምት ሲገባ በራቸውን የሚዘጉ ቤቶች አሉ። ስለዚህ በታኅሣሥ ሳይጠይቁ አይሂዱ።

እንግዳ ሆነው ሲሄዱ ሆቴል አይጠብቁ። በትንንሾቹ ቤቶች በር የሚከፍትልዎ፣ ሻንጣ የሚቀበልዎ፣ ማታም ወይን የሚቀዳልዎ ባለቤቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። በአንዳንዶቹ ቤቶች እንግዳው ሁሉ በአንድ ረጅም ገበታ ይቀመጣል፤ ከማያውቁት ሰው ጋር መብላት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለምና አይቸገሩም። ራት አስቀድመው ይዘዙ፤ በአካባቢው ሌላ ምግብ ቤት ላይኖር ይችላል። የሚጾሙ ከሆነ ክፍሉን ሲይዙ ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም እንደማይበሉ ዘርዝረው ይናገሩ፤ «ሥጋ አልበላም» ብቻ ካሉ አይብ ይቀርብልዎታል። ቁርሱ ለጾመኛ የከፋ አይደለም፤ የአጃ ገንፎው በውሃ ሊሠራ ይችላል። ወፍራም ሹራብ ይያዙ፤ የድሮ ቤት በሐምሌም ይበርዳል። መኪና መከራየት ሳይሻል አይቀርም፤ የሚነዳው በግራ ነው፣ የገጠሩም መንገድ ጠባብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቃቄ እንምጣ። አየርላንድ የሼንገን አባል አይደለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ወይም በአሜሪካ ግሪን ካርድ ብቻ ሊገባባት አይችልም፤ የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚያሳስበው የእንግሊዝ ነዋሪው ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ያለው የነፃ ጉዞ ስምምነት ለሁለቱ አገሮች ዜጎች እንጂ በብሪታንያ መኖሪያ ፈቃድ ላገኘ የውጭ ዜጋ አይደለም። ከቤልፋስት ወደ ደብሊን በአውቶቡስ ሲሄዱ ድንበር ላይ ቋሚ ኬላ ባያዩም ፖሊስ አውቶቡሱን አስቁሞ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፤ ያለ ቪዛ መገኘት ሕግ መጣስ ነው፣ ወደፊት በሚያቀርቡት ማመልከቻም ላይ ጥላ ያጠላል። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚሄዱትም ይጠንቀቁ። ከአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የተሰጠ ሰነድ ያለው ስደተኛ ያለ ቪዛ ይገባበት የነበረውን ስምምነት አየርላንድ በሐምሌ 2022 አግዳዋለች። ያኔ ያለ ቪዛ የሄደ ዘመድ ቢኖርዎ የእሱን ምክር አይከተሉ።

ማመልከቻው የሚጀመረው በኢንተርኔት ነው፤ ከጉዞው 3 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ለአንድ ጊዜ መግቢያ 60 ዩሮ፣ ለተደጋጋሚ 100 ዩሮ ይከፈላል፤ ቢከለከሉ ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ ክፍል ሲይዙ ቪዛው ባይሳካ ቀብዱ የሚመለስልዎ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ በማዕድ ቤት «ላግዛችሁ» ብሎ መሥራትም ቢከፈልም ባይከፈልም ክልክል ነው።