በሰው አገር እግር ሲወለም

እናት አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ ሄደዋል። በሦስተኛው ሳምንት የቤቱን ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻዋን እርከን ይስቱና ቁርጭምጭሚታቸው ይዞራል። እግራቸው ወዲያው ያብጣል። «ምንም አልሆንኩም ልጄ፣ ቅባት ነገር ቀባ ቀባ አድርጊልኝና ነገ ይተወኛል» ይላሉ። ልጅቱን ሁለት ፍርሃት ይይዛታል፤ ስብራት ቢሆንስ? ሆስፒታል ብወስዳቸው ሒሳቡን በምን እከፍላለሁ?

ይህ ታሪክ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በአገር ቤት ቢሆን ጎረቤት ተጠርቶ፣ ታክሲ ተይዞ ነገሩ በሰዓታት ውስጥ መላ ያገኛል። በሰው አገር ትንሹ ጉዳት የሚከፋው የትኛውን በር ማንኳኳት እንደሚገባ ባለማወቅ፣ በዚህም ምክንያት ሦስትና አራት ቀን ቤት ውስጥ በመቆየት ነው።

መጀመሪያ እግሩን እንይ። የተጎዳው ሰው አረፍ ብሎ እግሩን ትራስ ላይ ከፍ ያድርግ። በረዶ በፎጣ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝለት፤ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱም ይደገም። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግ ቆዳን ይጎዳል። ላስቲክ ፋሻ ቢታሰር ጥሩ ነው፤ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ ግን ጠብቋልና ይላላ። ማሸት ይቅር። ወጌሻ በአገራችን ትልቅ ክብር ያለው ሙያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ራጅ ሳይነሳ የሚታሽ እግር ውስጡ ስብራት ካለ አጥንቱ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል።

ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ለመለየት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ኦታዋ የወጣ ቀላል መመዘኛ ይጠቀማሉ። በቁርጭምጭሚት ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩትን ሁለት አጥንቶች በኋለኛ ጠርዛቸውና በጫፋቸው ይጫኑ። አጥንቱ ላይ ሕመም ካለ፣ ወይም ሰውየው እንደወደቀም፣ ሐኪም ዘንድ ሲደርስም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሳል። በትንሿ ጣት በኩል በእግር ጠርዝ መሐል ያለው አጥንት ሲነካ ካመመም እንዲሁ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ሊደነዝዝ ስለሚችል «አላመመኝም» ማለታቸው አይበቃም፤ እነሱን ሐኪም ይያቸው።

አሜሪካ ውስጥ የሕክምናው ዋጋ እንደሚገቡበት በር ይለያያል። ለወለምታ፣ ለትንሽ መቆረጥና ለቀላል ቃጠሎ ሁነኛው ቦታ ያለ ቀጠሮ የሚገባበት «ኧርጀንት ኬር» ነው። ብዙዎቹ ራጅ ያነሳሉ፣ ቁስል ይሰፋሉ፤ ዋጋቸውን አስቀድሞ በስልክ መጠየቅም ይቻላል። ተመሳሳይ ሕክምና በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በብዙ እጥፍ ይወደዳል። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ፣ የሚፈሰው ደም አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጡ ተጭነውት ካልቆመ፣ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ግን ስለ ዋጋ ሳያስቡ 911 ይደውሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ድንገተኛ ክፍሎች መክፈል የማይችለውንም ሰው መርምረው እንዲያረጋጉ ያስገድዳቸዋል። ሒሳቡ ግን በኋላ በፖስታ ይመጣል።

ያ ፖስታ ሲመጣ አይደንግጡ። ዝርዝር ሒሳብ ይጠይቁ፤ ያልተሰጠ ሕክምና ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው የክፍያ እርዳታ የሚሰጡበት በጽሑፍ የሰፈረ መመሪያ እንዲኖራቸው በሕግ ይገደዳሉ። ማመልከቻውን ካልጠየቁ ማንም ላያነሳልዎ ይችላል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ አማርኛ ብዙ ጊዜ በስልክ ይገኛል። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ለአያቱ እንዲያስተረጉም ማድረግ ይብቃን። እናት በልጃቸው ልጅ ፊት የማይናገሩት ሕመም አለ፤ ልጁም «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ላያውቀው ይችላል።

አውሮፓ ላይ ነገሩ ትንሽ ይቀላል። የሸንገን ቪዛ ለማግኘት ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ማሳየት ግዴታ ስለሆነ፣ ብዙ ተጓዥ ኢንሹራንሱን ሻንጣው ውስጥ ይዞ ነው የሚያድረው። ብዙዎች ወረቀቱን ለቪዛው ሲሉ ብቻ ገዝተው ይረሱታል። ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት በወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ይደውሉ፤ የት እንደሚሄዱ ይነግሩዎታል። ደረሰኝና የሐኪም ወረቀት በሙሉ ያስቀምጡ፣ ያለ እነሱ ገንዘብ አይመለስም። ለቀላል ነገር በብዙ አገር አረንጓዴ መስቀል የተሰቀለበት ፋርማሲ ገብቶ ማማከር ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የአደጋ ጥሪ 112 ነው። በእስራኤል አምቡላንስ 101፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998 ነው።

የመድኃኒት ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። እኛ ፓራሲታሞል የምንለው በአሜሪካ ታይለኖል፣ በፈረንሳይ ዶሊፕራን፣ በእስራኤል አካሞል፣ በዓረብ አገራት ፓናዶል ወይም አዶል እየተባለ ይሸጣል። አንዲት እናት ከአገር ቤት ያመጡትን ፓራሲታሞል ውጠው፣ ልጃቸው የገዛችላቸውን ታይለኖል ከጨመሩበት ያንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወሰዱ ማለት ነው። ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም ስምንት ፍሬ ማለፍ ጉበት ይጎዳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ኩላሊት፣ ግፊት ወይም የጨጓራ ቁስል ላለበት ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይሰጡም። ወደ ኤምሬትስ የሚሄድ ሰው ትራማዶልና ኮዴይን እንደ ተራ ማስታገሻ ይዞ እንዳይገባ፤ በዚያ አገር ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው።

ቁስል ከሆነ በንጹሕ ወራጅ ውኃ በደንብ ይታጠብ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከተወሰደ አሥር ዓመት ካለፈው፣ ቁስሉ ጥልቅ ወይም ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ አምስት ዓመት ካለፈው ይደገማል። ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅቤ አይቀባ፤ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ይፍሰስበት። ውሻ ወይም ድመት ከነከሰዎት ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥበው በዚያው ቀን ክሊኒክ ይሂዱ።

እግሩ በጀሶ ከታሰረ የመመለሻ በረራው ይታሰብበት። ብዙ አየር መንገዶች ጀሶው ከታሰረ 48 ሰዓት ካልሞላው ረጅም በረራ ላይ አይወስዱም፣ ወይም ጀሶው እንዲሰነጠቅ ይጠይቃሉ፤ እግር አየር ላይ ያብጣልና። ካረፉ በኋላ ባት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ሐኪም ይይዎት።

የአሜሪካ ጎብኚ ቪዛ እንደ ሸንገን መድን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ብዙ እናቶችና አባቶች ያለ ምንም ሽፋን ይሳፈራሉ። ለጎብኚ የሚሸጠው መድን ከመጎዳት በፊት ካልተገዛ አይጠቅምም፤ ነባር ሕመምንም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ውሉን አንብበው ይግዙት። ለእናትዎ ትኬት የሚቆርጡ ከሆነ መድኑን በዚያው ቀን ይግዙላቸው፤ የሚወስዱትን መድኃኒትና የማይስማማቸውን ነገር በእንግሊዝኛ ጽፈው ፓስፖርታቸው ውስጥ ያኑሩላቸው።