ተረትና እውነታ፦ ማተብና ዩኒቨርሲቲ በባሕር ማዶ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ በኮሶዬና በወገራ ደጋ፣ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ልጅ ሲሸኝ ከምርቃቱ ጎን አንድ ስጋት አይጠፋም፤ ፈረንጅ አገር የሄደ ማተቡን ይበጥሳል የሚል። ርቆ መማር ግን ለቤተ ክርስቲያን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ፣ ዜማውን ከአንዱ ደብር፣ ቅኔውን ከሌላው እየቀሰመ የሚያድግ ነው። ባሕር ማዶ የተሻገሩትም ቢሆኑ ሁሉም ጠፍተው አልቀሩም። አቡነ ጳውሎስ ኒው ዮርክ በሚገኘው በቅዱስ ቭላድሚር መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ዶክትሬታቸውን በፕሪንስተን ሠርተው፣ በ1984 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆነዋል። ተማሪውን ብዙ ጊዜ የሚያንገዳግደው የተሳሳተ ግምት ይዞ መሄዱ ነው።

ከግምቶቹ ዋነኛው «ኦርቶዶክስ ከተባለ ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ይመስላል። የግሪክ ወይም የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የገባ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉን አይቶ፣ ዕጣኑን አሽትቶ፣ አገሩ የገባ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች በአንድ መንበር አይቆርቡም። አቡነ ጳውሎስ የተማሩበት ቅዱስ ቭላድሚርም ከዚያኛው ወገን ነው፤ አብሮ መማር ይቻላል፣ አብሮ መቁረብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ የሆኑት የግብፅ ቅብጥ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድ ማላንካራና የኤርትራ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። በዚያን ጊዜ ገና ራሷን ካልቻለችው ከኤርትራ ቤተ ክርስቲያን በቀር፣ የእነዚህ አባቶች በጥር 1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር።

ስለዚህ ተቃራኒው ግምት፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ ተማሪው ያለ ቅዳሴ ይቀራል የሚለውም ስሕተት ነው። የቅብጥ ወይም የሕንድ ደብር የሚገኝባቸው የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ጥቂት አይደሉም። ቋንቋውና ዜማው እንግዳ ይሆናል፤ መቁረብ የሚፈልግም አስቀድሞ ካህኑን ማነጋገር ይኖርበታል።

እንግድነቱ ይበልጥ የሚሰማው በበዓላት ጊዜ ነው። ቅብጦች ገናን ከኢትዮጵያውያን ጋር በአንድ ቀን፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7፣ ያከብራሉ። አርመኖች ጃንዋሪ 6 ልደትንና ጥምቀትን አንድ ላይ ያደርጋሉ፤ የማላንካራ ምእመናን ደግሞ ዲሴምበር 25 ነው የሚያከብሩት። «ገና ምንጊዜም ታኅሣሥ 29 ነው» የሚለውም ራሱ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል። የ2016 ዓ.ም. ገና እንዲህ ነበር። ፋሲካም የፈረንጆቹን ሁልጊዜ ተከትሎ አይመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ላይ ገጥመዋል። በ2024 ግን ልዩነቱ አምስት ሳምንት ነበርና፣ በዚያ ዓመት የሕንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ኢትዮጵያዊ ዐቢይ ጾምን ከያዘ ገና በሦስተኛው ሳምንት «ክርስቶስ ተነሥቷል» ሲባል ሰምቷል።

ዩኒቨርሲቲው ለእነዚህ ቀናት ግድ የለውም ማለትም ልማድ ሆኗል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፈተና ከሃይማኖት በዓል ጋር ሲጋጭ የሚታይበት ደንብ አላቸው። ደንቡ ግን ጠያቂን ይጠብቃል። መምህሩ ጃንዋሪ 7 ገና መሆኑን ከየት ያውቃል? ማመልከቻው ወሰነ ትምህርቱ ሲጀመር፣ ቀኑ ተጽፎ መግባት አለበት፤ በፈተናው ዋዜማ የሚቀርብ ልመና ብዙ ጊዜ ሰሚ አያገኝም።

ባሕር ማዶ መጾም ይከብዳል ተብሎ የሚነገረው ሁሉ ከንቱ አይደለም፣ የተጋነነ ነው እንጂ። «ቬጀቴሪያን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ ወተት፣ አይብ ወይም እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል ለጾመኛ አይሆንም። «ቪጋን» የተባለው ይሆናል፤ እንዲያውም ቪጋኖች ማርን እንኳ ስለሚተዉ ከጾሙ ጠበቅ ይላል። የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ኮሶዬ ላይ በዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው፤ ለንደን ላይ በዲሴምበር መጨረሻ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ ፀሐይም በኢትዮጵያ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በነቢያት ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ተማሪ ምሳውን የሚበላው በምሽት ደጃፍ ነው። ብርዱን የወገራ ልጅ ከቤቱ ያውቀዋል፤ ጨለማውን ግን አያውቀውም።

የውጭው ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሲኖዶስ የተከፈለ ነው የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል። ከቀድሞው ፓትርያርክ ከአቡነ መርቆሬዎስ ስደት ጋር የመጣው መለያየት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ በእርቅ ተዘግቷል፤ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

የአባልነት ቅጽና ወርኃዊ መዋጮ ሲቀርብለት «ቤተ ክርስቲያን ንግድ ሆነ» የሚል አዲስ ገቢ አይታጣም። በገጠር ካህኑ አርሶ ያድራል፤ ደብሩም የቆመበት ቦታ ኪራይ አይጠየቅበትም። በውጭ ግን ብዙዎቹ አጥቢያዎች የሌላ ቤተ እምነት ሕንፃ ተከራይተው የሚቀድሱ፣ በምእመናን መዋጮ የሚተዳደሩ ናቸው። የዓመት ንግሥም ሰው ከሥራ በሚያርፍበት በቅርቡ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲከበር ማየት የተለመደ ነው። በጎንደር ወይም በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤን የለመደ ተማሪ በውጭ በየግቢው አቻውን ላያገኝ ይችላል። ሰው የሚተዋወቀው፣ የቤት ኪራይና የትርፍ ሰዓት ሥራ ወሬ የሚሰማው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠበል ጻዲቅ ሲቀመስ ነው፤ ቅዳሴው እንዳለቀ ወደ ባቡር የሚሮጥ ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።