ጥቂት ሸክላ፣ ብዙ ጥንካሬ

የጭቃ ቤት የሚመርግ ሰው ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካዋል፤ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። እንዲህ ሁለት ቁሶች ተጣምረው ለየብቻቸው የሌላቸውን ባሕርይ ሲያስገኙ ውጤቱን ኮምፖዚት እንለዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ናይለን 6 የተባለውን ፖሊመር ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፓውል ሽላክ እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራው ይህ ፖሊመር ሁለገብ ነው፤ ቢፈተል ገመድና ጨርቅ፣ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ቢፈስ የማሽን ጥርስ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል። ይህን ለማረም ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል ፋይበርግላስ ይጨመርበታል፤ ጥንካሬ ይገኛል፣ ክብደቱ ግን አብሮ ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓን የቶዮታ ማዕከላዊ የምርምር ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። የመረጡት ሞንትሞሪሎናይት የተባለውን ሸክላ ነበር። ሸክላው እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረቡ ንጣፎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ውፍረት 1 ናኖሜትር፣ ማለትም የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ነው። አስቸጋሪው ነገር ገጾቹን መለያየት ነበር። ተመራማሪዎቹ በንጣፎቹ መካከል ያሉትን የሶዲየም አዮኖች ፖሊመርን በሚስማሙ ኦርጋኒክ አዮኖች ተኩ። ከዚያም የናይለኑ መነሻ የሆነው ካፕሮላክታም ወደ ክፍተቱ ገባ፤ በሙቀት ኃይል ረጅም ሰንሰለት እየሆነ ሲያድግም ንጣፎቹን ገፍቶ ለያያቸው።

ከ5 በመቶ ያነሰ ሸክላ የናይለኑን ግትርነት እጥፍ ገደማ አደረሰው፤ ሲሳብ ላለመበጠስ ያለውን ጥንካሬ ከ50 በመቶ በላይ አሳደገው፤ በጭነት ሥር ቅርጹን የሚለውጥበትንም ሙቀት በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ አደረገው። ይህ ናኖኮምፖዚት በቶዮታ መኪና ላይ የሞተር ቺንጋ መሸፈኛ ሆኖ ሥራ ላይ ዋለ።

ይህን ያህል ጥቂት ሸክላ ይህን ሁሉ ለምን ቻለ? መልሱ የገጽታ ስፋት ነው። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ገጽታው 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ጎናቸው 1 ናኖሜትር ወደሆነ ኩቦች ብንከፋፍለው ግን የገጽታዎቹ ድምር 6000 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ብዙም አያንስም። ፖሊመሩ ሸክላውን የሚጨብጠውና ጭነቱን የሚያካፍለው በዚህ ገጽታ ነው።

ንጣፎቹ ሳይለያዩ ተጓጉለው ከቀሩ ግን ጥቅሙ ይጠፋል፤ እንዲያውም እያንዳንዱ ጓል የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ «ናኖ» የሚል ስም የተሰጠው ቁስ ሲያጋጥመን ምን እንደተጨመረበት ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተሰራጨም እንጠይቅ። ጥንካሬው ያለው እዚያ ላይ ነው።