ዓይንና ጀሪካን

መርሳ ላይ ቦኖ ውኃ ወረፋ የጠበቀ ያውቀዋል። ቧንቧው ሲበረታ ጀሪካኑ ቶሎ ይሞላል፤ ሲቀጥን ይዘገያል። የሞላበትን ሰዓት ብቻ በማየት የውኃውን ኃይል ማወቅ ይቻላል።

አንዳንድ አዳዲስ ካሜራዎችም ብርሃንን የሚለኩት እንዲህ ነው። የለመድነው ካሜራ ለሁሉም ነጥብ እኩል ጊዜ ሰጥቶ የተጠራቀመውን ብርሃን ይለካል። ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ በር ላይ የቆመ የልጅ ልጃችን ፊቱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። በአዲሶቹ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ሲሞላ ምት ይልካል፤ ብሩሁ ቶሎ፣ ጥላው ዘግይቶ። ሁለቱም ይታያሉ።

ዓይናችንም ከአንጎል ጋር የሚነጋገረው በምት ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ እንግሊዛዊው ኤድጋር ኤድሪያን፣ ነርቭ ስሜቱ ሲበረታ ምቱን እንደማያገዝፍ፣ ይልቁንም እንደሚያደጋግም አሳይቷል። ከእያንዳንዱ ዓይን አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ይህን ምት ያደርሳሉ።

ሀብሩ ገጠር የምትኖረው እናቴ «ዓይኔ ጨለመብኝ» ስትለኝ፣ «ሞራ ነው እማዬ፣ ሲበስል ይገፈፋል» አልኳት። እኔ ነርሷ! ዘግይታ ወልዲያ ስትመረመር ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። ሞራ መጋረጃ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ግላኮማ ግን ክሮቹን ይገድላል፤ የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ መጠበቅ ይቻላል።

በሽታው በዘር ስለሚሄድ ዛሬ እኔና ወንድሞቼ እንመረመራለን። እናንተም «እርጅና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ።