ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፕላስቲክና የሚሠራበት ፈሳሽ



የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ የሚሸፈነው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሂደኪ ሺራካዋ፣ አለን ማክዲያርሚድና አለን ሂገር እ.ኤ.አ. በ1977 ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይፋ አድርገዋል፤ በ2000ም በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ይህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ስስ ሽፋን ሆኖ ስለሚሠራበት ፈሳሽ ነው፤ የሠራተኛው ጤና ያለው እዚያ ነውና።

አሠራሩ በኤሌክትሪክ የወርቅ ቅብ ከመቀባት ጋር ይቀራረባል። እንደ ፒሮል ያለ ጥሬ ኬሚካልና ጨው በፈሳሽ ይሟሟሉ፤ ሁለት ብረቶችም ይነከሩበታል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ የፒሮሉ ቅንጣቶች በፖዘቲቩ ብረት ላይ ኤሌክትሮን ያጣሉ፤ እርስ በርስ ተያይዘው ሰንሰለት ይሆኑና ብረቱን ጥቁር ሽፋን ያለብሱታል። ብዙ ኤሌክትሪክ ባለፈ መጠን ሽፋኑ ይወፍራል።

ለረጅም ጊዜ በማሟሚያነት ሲያገለግል የኖረው አሴቶናይትራይል ነው። ይህ ፈሳሽ ቶሎ ይተናል፣ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሳያናይድ ያመነጫል። ሳያናይድ ገዳይ መርዝ መሆኑን ለእናንተ መንገር አይጠበቅብንም።

ታዲያ ውኃ ለምን አይሆንም? ለፒሮል ይሆናል፣ ጥሩም ይሠራል። ኢዶት የሚባለው ሌላው ጥሬ ኬሚካል ግን በውኃ እምብዛም አይሟሟም።

እዚህ ላይ ገበሬዎቻችን በደንብ የሚያውቁት ዩሪያ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዩሪያን ከኮሊን ክሎራይድ ጋር ስለመቀላቀል ጽፈው አሳተሙ። ኮሊን ክሎራይድ ለዶሮ መኖ የሚጨመር ጨው ነው። ለየብቻቸው ዩሪያ በ133፣ ጨዉ በ302 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። በቅንጣት ቁጥር ሁለት እጅ ዩሪያ ከአንድ እጅ ጨው ጋር ሲደባለቅ ግን በ12 ዲግሪ ይቀልጣል! በቤት ሙቀት ፈሳሽ ነው ማለት ነው፤ እንደ አሴቶናይትራይልም አይተንም። እ.ኤ.አ. በ2014 የፖርቱጋል ኮይምብራ ተመራማሪዎች ከዚሁ ቤተሰብ በሆኑ ፈሳሾች ውስጥ የኢዶት ሽፋን ሠርተዋል።

ጣጣ የለውም ማለታችን ግን አይደለም። የዩሪያው ድብልቅ ከውኃ በመቶዎች እጥፍ ስለሚወፍር ቅንጣቶቹ በውስጡ የሚሄዱት እየተጎተቱ ነው፤ ማሞቅ ያስፈልጋል። «አረንጓዴ» የሚለውን ስምም በጥንቃቄ እንየው፤ በዩሪያ ፈንታ ኤትሊን ግላይኮል የሚገባበት ዓይነት አለ፣ እሱም ቢጠጣ መርዝ ነው። እኛ በግሊሰሪን የሚሠራውን እንመርጣለን። ያም ሆኖ ያገለገለው ፈሳሽ ያልተያያዘ ጥሬ ኬሚካል ስለሚቀርበት ወደ ቦይ አይደፋም።