ካፕሮኒን መኝታ ቤቱ የሚቀባው ወጣት እና የወተቱ ጉዳይ



የዛሬው ጽሑፍ መነሻ ከባኮ በውስጥ መስመር የደረሰኝ ጥያቄ ነው። ስሙን አልጠቅስም፣ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዶልኛል። «ዶክተር፣ ማታ ማታ ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ይተወኛል። ደም ግፊት ይሆን እንዴ?» ይላል። ደም ግፊቱን ተለክቷል፣ ደህና ነው። ባኮ ሞቃት ስለሆነች ራስ ምታት ሲባል መጀመሪያ የምትጠረጠረው ወባ ናት፤ እሷንም ተመርምሯል፣ የለችም። ከሰል ቤት ውስጥ ያነድ እንደሆነ ጠየቅሁት (የከሰል ጭስም ልክ እንደዚህ ያደርጋል)፣ አያነድም። «ታዲያ ማታ ቤት ስትገባ ምን ትሠራለህ?» ስለው ፎቶ ላከልኝ።

አውሮፕላን ነው። ሁለት ወንበር ላይ የተጋደመ፣ ክንፉ ከአልጋው እስከ በሩ የሚደርስ አውሮፕላን!

ልጁ የሚሠራው የካፕሮኒ 133 ሞዴል ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገራችን ላይ ቦምብ ሲጥሉ ከነበሩት አውሮፕላኖች አንዱ ነው። ትክክለኛው አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 21.24 ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ 15.36 ሜትር ነበር። እሱ በ10 እጥፍ አሳንሶታል፣ ማለትም ክንፉ 2 ሜትር ከ12 ሳንቲ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። አጽሙ የተሰነጠቀ ቀርከሃና ሽቦ ነው፣ ልብሱ ካርቶን። ካፕሮኒው ሦስት ሞተር ስላለው ሦስት የሳልሳ ጣሳ ተጠቅሟል፤ የድሮዎቹ ሞተሮች ክብ ስለነበሩ ጣሳው ልክክ ብሎ ገብቷል። ጎማው የነጠላ ጫማ ሶል ነው። እኛ ልጅ ሆነን ከበቆሎ አገዳ መኪና የሠራን ሰዎች ይሄ ሥራ ስንት ትዕግስት እንደሚጠይቅ ይገባናል። ደግሞ ሐሳቡ ከዋናው ብዙም አይርቅም፣ ትክክለኛው ካፕሮኒም የብረት ቱቦ አጽም ላይ ቆርቆሮና ጨርቅ የለበሰ ነበር።

ለምን ይሄን አውሮፕላን መረጥክ አልኩት። «ቦንያ ስለተቃጠለ» አለኝ።

ይህቺን ታሪክ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አቅጣጫ የተፈጸመ ነው። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በነቀምቴ አቅራቢያ ቦንያ ላይ አረፉ። ከመካከላቸው ካፕሮኒዎች ነበሩ። ወለጋን ያለ ጦርነት ለመያዝ ነበር የመጡት። በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ብዙዎቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች፣ ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ። ከሞቱት ጣሊያኖች አንዱ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ ነው። ጥቁር አንበሳ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚመጣልን ሆስፒታሉ ነው አይደል? የያኔው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ፕሬዝዳንትም ሐኪም ነበሩ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶ/ር ዓለመወርቅ በየነ። ይህን ሳነብ እንደ ሙያ ልጅ ትንሽ ኮራ ማለቴ አልቀረም።

ወደ ልጁ ራስ ምታት እንመለስ። መልሱ ያለው ቀለሙ ላይ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት ብዙዎቹ ካፕሮኒዎች በክሬም ቀለም ተቀብተው፣ ከክንፋቸው በላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የተዘረጉ ቀይ ሰንበሮች ነበሯቸው። ሰንበሩ ለጌጥ አይደለም፣ አውሮፕላኑ በረሃ ወይ ጫካ ውስጥ ተገዶ ቢያርፍ ከላይ የሚፈልጉት ሰዎች እንዲያዩት ነው። ልጁ ይሄን በትክክል ለማምጣት መጀመሪያ ስቱኮ ይቀባል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ከዚያ ዘይት ቀለም በቲነር አቅጥኖ ሦስት ዙር ያለብሳል፣ በመጨረሻ ቀዩን በስፕሬይ። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። ክረምት ስለሆነ መስኮቱ ዝግ ነው። ሲጨርስ እዚያው ይተኛል። ጠዋት ንጹሕ አየር ሲያገኝ ራስ ምታቱ ይለቀዋል።

ቤት ስትሆኑ የሚያማችሁ፣ ስትወጡ የሚተዋችሁ ሕመም ካለ ቤቱን ጠርጥሩ። ለሐኪማችሁም ይህንን ሳትጠየቁ ተናገሩ፣ ከብዙ የደም ምርመራ ይበልጣል።

ቲነር ውስጥ ቶሉይን፣ ዛይሊንና አሴቶንን የመሳሰሉ በፍጥነት የሚተኑ ፈሳሾች አሉ። ትነታቸው በሳንባ ገብቶ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይሄዳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን መቆጥቆጥ፣ እንደ ሰከረ ሰው መሆን ያመጣል። ማስቲሽ የሚስቡ የጎዳና ልጆች ላይ የምናየው ስካር ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ለዓመታት ሲደጋገም የማስታወስና ትኩረት የማድረግ አቅምን ይጎዳል። ደግሞ አፍንጫችን ያታልለናል፤ ግማሽ ሰዓት ከቆያችሁ በኋላ ሽታው «ጠፋ» ትላላችሁ። የጠፋው ሽታው አይደለም፣ አፍንጫችሁ ነው የለመደው። ቀለሙም በእጅ ሲነካ ደረቀ ማለት መትነኑን አቆመ ማለት አይደለም፣ ለቀናት ይቀጥላል።

«ግን እኮ ዶክተር፣ ቀብቼ ስጨርስ ሁልጊዜ ግማሽ ሊትር ወተት እጠጣለሁ» አለኝ።

አወይ ወተት! ቀለም ቀቢው፣ በያጁ፣ ጋራዥ የሚሠራው፣ ሁሉም ይሄን ያምናል። አሠሪዎችም ከደመወዝ ጋር ወተት ሰጥተው ኃላፊነታቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል፣ ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። እስቲ መንገዱን አስቡት፦ ወተቱ የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው፣ ትነቱ የገባው በሳንባ ነው። አይገናኙም። ወተት ምግብ ነው፣ ጠጡት፣ ጥሩ ነው። የገባውን ቲነር ግን አያጥብም። እንዲያውም «ወተት ጠጥቻለሁ» ብሎ መስኮት የሚዘጋ ሰው ካለ ወተቱ ጎድቶታል ማለት ነው።

ማስክስ? የቀዶ ሕክምናው ሰማያዊ ማስክ ለቲነር ምንም አይሠራም። ኤን-95 የሚባለው ስቱኮ ስትፈትጉ የሚነሳውን አቧራና የስፕሬዩን ብናኝ በደንብ ይይዛል፣ ትነትን ግን አያስቆምም። ትነትን የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል የጎማ ማስክ ነው፤ ማጣሪያውም ጊዜው ሲያልፍ ይቀየራል። እሱን ማግኘት ካልቻላችሁ ሥራውን ወደ በረንዳ አውጡት። ዝናብ ካለ ጠብቁ፤ አውሮፕላኑ የትም አይበርም።

ለልጁ የሰጠሁት ዋናው ምክር ግን ከማስክ በፊት ነው፦ ቀለሙን ቀይር። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ካርቶን ላይ በሚገባ ይይዛል፣ ካርቶኑ እንዳይርስ ብቻ መጀመሪያ ነጩን የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥኖ አንድ ዙር መቀባትና ማድረቅ ነው። ክሬሙም ቀዩም በዚህ ይወጣል። አንጸባራቂ አይሆንም ብትሉኝ፣ እውነተኛው አውሮፕላንም አቧራ ላይ የሚያርፍ ነበር እንጂ የሰርግ መኪና አልነበረም!

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው የመኪና ቀለም ነው፣ ያ ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው። አንዳንዱ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበት፣ አስም ያልነበረበትን ሰው የአስም በሽተኛ ያደርጋል፣ አንዴ ከተለማመደው ደግሞ በጣም ጥቂቱም ይቀሰቅሰዋል። ይሄን ቤት ውስጥ ፈጽሞ አትንፉ። ሁለተኛው እርሳስ፣ ማለትም ሊድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ይመክራል። በተለይ ደማቅ ቀይና ቢጫ ዘይት ቀለሞች ስትገዙ ቆርቆሮው ላይ «ሊድ የሌለው» የሚል ፈልጉ። ችግሩ የሚብሰው ስትፈትጉት ነው፤ አቧራው ወለል ላይ ይቀመጣል፣ የሚድህ ሕፃን በእጁ አድርጎ ወደ አፉ ይወስደዋል። ለሕፃን አንጎል ጉዳት የሌለው የሊድ መጠን የሚባል አይታወቅም። ነፍሰ ጡር ካለችም ከዚህ ሥራ ትራቅ፣ ከቲነሩም ከአቧራውም።

ስለ አየር ካነሳን፣ ስለዚህ አውሮፕላን አንድ ሐኪም ሊዘለው የማይችል ነገር አለ። የጣሊያን አውሮፕላኖች የጣሉት ፈንጂ ብቻ አልነበረም፣ የሰናፍጭ ጋዝም ነበር። ከቦምቦቹ አንዱ ዓይነት 200 ኪሎ ያህል የሰናፍጭ ፈሳሽ ይዞ ከመሬት በላይ አየር ላይ ይፈነዳ ነበር። በኋላ ደግሞ እንደ ዝናብ ይረጩት ጀመር። ጣሊያን ግን በ1925 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የመርዝ ጋዝን የከለከለውን ስምምነት ፈርማ ነበር። የሰናፍጭ ጋዝ ክፋቱ ሲነካህ አለማሳመሙ ነው። ከ2 እስከ 24 ሰዓት ድረስ ዝም ይላል፣ ከዚያ ቆዳው ይቋጥራል፣ ዓይን ያብጣል፣ የመተንፈሻ ቧንቧ ይላጣል። እስከ ዛሬ ማርከሻ የለውም፣ ማድረግ የሚቻለው ቶሎ ልብስ አውልቆ በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። በባዶ እግሩ እርጥብ ሣር የረገጠ ገበሬ ማን ይህን ይነግረዋል?

ሐኪሞቹም አልተረፉም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ ስትደበደብ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ካምፕ፣ የካቲት 25 ደግሞ ቆረም አጠገብ የዶ/ር ጆን ሜሊ የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን ተደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ቆመው የተናገሩት ሰኔ 23 ነው፣ ቦንያ ከተቃጠለ ከአራት ቀን በኋላ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን መጠቀማቸውን በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፣ 60 ዓመት ቆይቶ። የሚገርመው ለዚሁ ለካፕሮኒ 133 ቆይቶ የቁስለኛ ማመላለሻ ዝርያ ተሠርቶለታል። ልጁን ሞዴሉ አጠገብ ይህንንም ጽፈህ ለጥፍ ብዬዋለሁ፤ የታናሽ ወንድሙ ትምህርት ቤት ሊያሳየው ነው ያሰበው።

አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ ሕፃን ላላችሁ፣ ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ቲነር፣ አኳራጅ፣ ላምባ የምናስቀምጠው በምንድን ነው? በውሃ ፕላስቲክ! ቀለሙም ውሃ ይመስላል። ሕፃኑ ጠምቶት ያነሳዋል። ድንገተኛ ክፍል ከምንፈራቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ከጠጣ እንዲያስታውክ አታድርጉ። ጣት አትክተቱ፣ የጨው ውሃ አትስጡ፣ ወተትም አታጠጡ፣ ያስመልሰዋልና። ቲነር ሲመለስ ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ብዙ ጊዜ አደጋው ከጨጓራው ይልቅ ከሳንባው ነው። የረጠበውን ልብስ አውልቁ፣ ቆዳውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ የጠጣበትን ፕላስቲክ ይዛችሁ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሩጡ። አሁን ደህና ቢመስልም ሂዱ፣ ማሳልና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ይችላል።

ዓይን ውስጥ ቲነር ወይም ሱፐር ግሉ ከገባ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እጠቡና ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የተጣበቀ ሽፋሽፍት በኃይል አትላቀቁ። እና እባካችሁ፣ ቀለም በሚቀባበት ክፍል ቡና አይፈላ። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ሄዶ የከሰል ምድጃው ጋ ይደርሳል።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፣ ካፕሮኒዎቹ ሊመጡ ሦስት ወር ያህል ሲቀራቸው።

ሞዴል የምትሠሩ፣ ቤት የምትቀቡ፣ ጋራዥ የምትውሉ ካላችሁ የምትጠቀሙበትን ቀለም ቆርቆሮ ጽሑፉ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።